የበያጁ አንገት

ባሌ በያጅ ነው። የሰፈሩን በር ሁሉ የሠራው እሱ ነው፤ የራሳችን በር ግን እስከ ዛሬ በገመድ ነው የሚታሰረው። ጓደኞቹ «ብረቱ» ይሉታል። እሱም እውነት መሰለው።

ባለፈው መሰላል ላይ ቆሞ ሲበይድ ተንሸራቶ በጭንቅላቱ ወረደ። ተነስቶ ልብሱን አራገፈና «አንገቴን ትንሽ ያዝ አደረገኝ እንጂ ደህና ነኝ» አለ። በግድ ሐኪም ቤት ወሰድኩት። በሲቲ ስካን ሲያዩት የመጀመሪያው የአንገቱ አጥንት ሁለት ቦታ ተሰብሯል። ክው አልኩ።

ሐኪሙ አንገቱን በመደገፊያ አሰረው። «አጥንቱስ ይድናል፤ የሚያስፈራኝ አጥንቱን የያዘው ጅማት ነው» አለን። «ሲቲው ጅማቱን አጥርቶ አያሳየኝም። ተበጥሶ ከሆነ አጥንቱ ተንሸራቶ ህብለ ሰረሰሩን ይጫነዋል። ያኔ እጅ እግሩ ይከዳዋል፤ ትንፋሹም ሊቆም ይችላል። ኤምአርአይ ይነሳ፤ እስከዚያ ንቅንቅ እንዳይል።»

ባሌስ ምን ቢል ጥሩ ነው? «ደንበኛዬ በሩን እየጠበቀ ነው፣ ቤቴ ልሂድ!» ወይ ጉዴ!

ተኝቶ ወደ ኤምአርአይ ክፍል ሲገፉት ባለሙያዋ በሩ ላይ አስቆመችን።

«ዓይንዎ ውስጥ ብረት ገብቶ ያውቃል?»

«ኧረ በጭራሽ!»

ደሜ ፈላ። በያጆች ዘንድ እኮ የብረት ፍንጣሪ ዓይን ውስጥ ከገባ፣ አንዱ የሌላውን የዓይን ቆብ ገልብጦ በክብሪት እንጨት ያወጣለትና ወደ ሥራ ይመለሳሉ። ሐኪም ያላየው እንደ ገባ አይቆጠርም።

«ውሸቱን ነው!» ብዬ ጮህኩ። «ባለፈው ሳምንት እንኳ ወጥቶለታል!»

«አንቺ ሴትዮ፣ አርፈሽ አትቀመጪም?»

ባለሙያዋ ግን አልጋውን ወደ ኋላ ሳበችው። «ማሽኑ ማግኔት ነው። የቀረ ካለ ይጎትተውና ዓይንዎን ያጠፋዋል» አለችው።

ዓይኑን ራጅ አነሱት። አንዲት ነጭ ነጥብ አለች። የባሌ ፊት አመድ መሰለ።

የዓይን ሐኪም እስኪመጣ፣ ፍንጣሪውን በጀርባው እንደተኛ እስኪያወጣለት፣ ራጁ ተደግሞ ንጹህ ነው እስኪባል ነፍስ አልቀረልኝም። ጅማቱ ገና አልታየም። «ጣትህን አንቀሳቅስ» እለዋለሁ፤ ያንቀሳቅሳል። «እስቲ አሁንም?» እላለሁ።

«ኧረ በፈጠረሽ፣ ጣቴ ደከመው!»

በመጨረሻ ማሽኑ ውስጥ ገብቶ ወጣ። ሐኪሙ ምስሉን ይዞ መጣና አሳየን። ጅማቱ ተበጥሷል። «ቤትዎ ሄደው ቢሆን ኖሮ...» ብሎ ጀመረና ተወው። የመጀመሪያውን አጥንት ከሁለተኛው ጋር በብሎን ሊያያይዝለት ነው። ይድናል፤ አንገቱ ግን እንደ ድሮው አይዞርም።

ባሌ ጣሪያ ጣሪያውን ያያል። ሲያለቅስ አይቼው አላውቅም ነበር። እንባው ወደ ጆሮው ወረደ።

«ከኋላዬ ስትጠሪኝ ዞሬ ላላይሽ ነው?» አለኝ።

«ዝም በል!» አልኩት። «አንተ ባትዞር፣ እኔ እግር የለኝም? መጥቼ ከፊትህ እቆማለሁ።»