የዌምብሊው እርሾ

ለንደን፣ ፊንስበሪ ፓርክ በነበረው አፓርታማቸው ውስጥ አንዲት ክፍል ያከራዩኝ ሴት የአስመራ ሰው ነበሩ። አማርኛን የተማሩት ትምህርት ቤት ነው፤ ሲቆጡ ግን ከእኔ ይበልጥ ያሳምሩታል። እትዬ እላቸው ነበር። አንድ ክረምት ጠዋት የሊጡን ዕቃ ከፍተው አሸተቱና ፊታቸውን አጨማደዱ።

«ሂተሩ ኦፍ ሆኖ ቤቱ በብርድ አድሮ እርሾዬ ሞተብኝ። በይ ተነሺ፣ ስቶክዌል ሂጂ!»

ስቶክዌል ሰፈር ውስጥ እርሾዋ እንደ እኛ ቶሎ የማይሞትባት አንዲት የአገራችን ሴት ነበረች። ከእሷ ተቀብዬ በአይስክሬም ዕቃ ይዤ በባቡር ስመለስ፣ እርሾው መንገድ ላይ ኩፍ አለና ክዳኑን አስነሣው። አጠገቤ የተቀመጠው ባለ ከረባት ሰውዬ ጋዜጣውን አጣጥፎ ወደ ሌላ ወንበር ሄደ። እኔም እግሬን ዘርግቼ ተመቻችቼ ገባሁ። በሌላ ጊዜ ደግሞ የስቶክዌሏ ሴት እርሾዋ ጠፋባትና ያንኑ የራሷን ከእኛ መጥታ ወሰደች። እትዬ «እርሾ የሰጠ አይቸገርም፤ የእሱ ሲሞት ሰጥቶት ወደነበረው ቤት ይሄዳል» ይሉ ነበር።

ስለ ሊጥ የማወራው ወደ መድኃኒቱ ልምጣ ብዬ ነው።

ያን ጊዜ የፋርማሲ ትምህርቴን ጨርሼ፣ ደርግ አገርሽ ግቢ ቢለኝ አልገባም ብዬ ለንደን የቀረሁበት ወቅት ነበር። እልኸኛ ነኝ፤ እልህ ግን እራት አይሆንም። ዌምብሊ የነበረ አንድ አነስተኛ የመድኃኒት ፋብሪካ ለሙከራ ወሰደኝ። ከእኔ ጋር አንዲት ቀይ ጠጉር ያላት የአየርላንድ ልጅ ተወሰደች። ቦታው አንድ ነው፤ እኛ ሁለት ነን። ካልተቀጠርኩ ኤምባሲው በር ላይ ቆሜ «ማሩኝ፣ አገሬ መልሱኝ» ከማለት ሌላ መንገድ አልነበረኝም።

የተሰጠን ፈተና ክሪስታል ማውጣት ነው። መድኃኒት መጀመሪያ ሲሠራ ከብዙ ቆሻሻ ጋር ተቀላቅሎ ነው የሚወጣው። በሞቀ አልኮል ይሟሟል፣ ይጣራል፣ ከዚያ ቀስ እያለ እንዲቀዘቅዝ ይተዋል። ሲቀዘቅዝ መድኃኒቱ ይሰባሰብና እንደ ስኳር የሚያብረቀርቅ ፍሬ ይሆናል፤ ቆሻሻው ፈሳሹ ውስጥ ይቀራል። አለቃችን፣ ጢሙ ደረቱን የሚነካ ሽማግሌ፣ «ክሪስታል ኩሩ ነው፤ ዘመዱ ያልሆነውን ሰልፉ ውስጥ አያስገባም» ይለን ነበር። የፍሬው ማነስና መተለቅ እንኳ ቁም ነገር አለው፤ ክኒኑ ሆድ ውስጥ ቶሎ መሟሟቱ ወይም መዘግየቱ የሚወሰነው በዚያ ጭምር ነው።

የልጅቷ ብልቃጥ ሳይውል ሳያድር ነጭ በነጭ ሆነ። የእኔ የምንጭ ውሃ መስሎ ቁጭ አለ። በረዶ ውስጥ ነከርኩት፤ የብልቃጡን ግድግዳ በመስተዋት ዘንግ ፋቅሁት፤ በአማርኛ ሰደብኩት። ወይ ፍንክች! መድኃኒቱ ውስጡ እንዳለ አውቃለሁ፤ የጎደለው የሚያስጀምረው ነገር ነው። ያኔ የእትዬ ሊጥ ትዝ አለኝና ተነሥቼ ወደ ልጅቷ ጠረጴዛ ሄድኩ።

«ከክሪስታልሽ ቆንጠር አድርገሽ ስጪኝ» አልኳት።

አፏን ከፍታ አየችኝ። «የሚቀጥሩት አንዳችንን ብቻ እንደሆነ ታውቂያለሽ?»

«አውቃለሁ። እርሾ ግን አይከለከልም።»

እርሾ ምን እንደሆነ ማስረዳት ነበረብኝ። ሰምታኝ ስታበቃ ሳቋ መጣና በማንኪያ ጫፍ ሰጠችኝ። ያቺን ብናኝ ብልቃጤ ውስጥ ጣል ሳደርጋት፣ ከወደቀችበት ቦታ ነጭ መርፌዎች ወደ ሁሉም አቅጣጫ ተዘረጉ፤ ብልቃጡም በእጄ ውስጥ ሞቅ አለ። ሳላስበው እልል አልኩ። ሰው የተቃጠለ መስሏቸው ከሦስት ክፍል ሠራተኞች ሮጠው መጡ።

አለቃችን የሁለታችንንም ወሰደና «ይህ መለማመጃ ነው። ዓርብ በአዲስ ብልቃጥ፣ እኔ እያየሁ» አለ። ልጅቷ ያላትን ሁሉ አስረከበች። እኔ ግን ለእርሾ የምትሆን ትንሽ አስቀርቼ፣ «ይቺን ለዓርብ» ብዬ አሳየሁት፤ ጢሙን እያሻሸ በእሺታ ራሱን ነቀነቀ። እኛ ቤት ሊጥ ተሟጦ አያልቅም።

ዓርብ ዕለት ካስቀረኋት ቆንጠር አድርጌ ጣል ሳደርግበት የእኔ ወዲያው ረጋ። የእሷ እንቢ አለ። ብትፍቀው፣ ብታቀዘቅዘው፣ ያው ውሃ ነው። ጆሮዋ እንደ ጠጉሯ ቀላ፤ ግን ኩሩ ናትና አልጠየቀችኝም። እኔም፣ ምን እደብቃለሁ፣ ልቤ «ዝም በይ፣ እንጀራሽ ነው» አለኝ። የኤምባሲው በር በዓይኔ መጣ። ቀጥሎ ደግሞ እትዬ መጡብኝ፤ የሰውን እርሾ ለባለቤቱ እንደከለከልኩ ቢሰሙ ማታውኑ ሻንጣዬን በረንዳ ላይ ባስቀመጡልኝ! የተረፈችኝን ብናኝ ይዤ ወደ ጠረጴዛዋ ሄድኩ።

«ምን እያደረግሽ ነው?» አለ አለቃችን ከኋላዬ።

«የእሷን እርሾ እየመለስኩላት።»

ብልቃጧ ነጭ ሲሆን ሁለታችንም አቅፈነው ነበር። እሷ ሳቀችና አለቀሰች፤ እኔ ደግሞ እልል እንዳልል አፌን በእጄ ያዝኩ። አለቃችን ይህን አይቶ ወጣ። ሲመለስ እንዲህ አለን፦

«ብቻውን የሚሠራ ሰው ነበር የምፈልገው። ሐሳቤን ቀይሬያለሁ። እስከ በጋ ድረስ ሥራውንም ደመወዙንም ለሁለት ተካፈሉት፤ ከዚያ ሁለተኛ ቦታ አስከፍታለሁ።» እውነትም በጋው ሲገባ አስከፈተልን።

ያን ዕለት ማታ ደረጃውን በሩጫ ወጣሁት። እትዬ ሻሻቸውን እንኳ ሳያስሩ በሩ ላይ ቆመው ይጠብቁኛል። ለካ ቀኑን ሙሉ ስለት ሲሳሉ ነው የዋሉት።

«ቀጠሩሽ?» አሉኝ።

«ቀጠሩን!» አልኳቸው።