የአዴ ጉያቱ ላም ሥዕል

ባለፈው ሳምንት እዚህ ሜጋ የሱቄን በር የሚቀባልኝ ልጅ ጠርቼ ነበር። ቆርቆሮውን ሲከፍተው የዘይት ቀለምና የማቅጠኛው አኳራጅ ሽታ ሱቁን ሞላው። የምመዝነውን ስኳር ትቼ ወጣሁ። ልጁ ብሩሹን ነክሮ በአሮጌው ቀለም ላይ ዝም ብሎ ሊለቀልቅ ነው።

«አንተ፣ ሳትፍቀው ነው እንዴ የምትቀባው? ዘይት ቀለም በዘይት ቀለም ላይ አይዝም እኮ! ይላጣል።»

«እትዬ፣ ይሄን ደግሞ ማን አስተማረዎት?» ብሎ ሳቀብኝ።

አልነገርኩትም። ያስተማረኝ ጋሽ ደምሰው ነው።

ጋሽ ደምሰው ልጅ ሳለሁ ነገሌ ቦረና፣ እኛ ግቢ፣ መንገድ ዳር ባለችው ክፍል የሚኖር ልብስ ሰፊ ነበር። መንግሥት ሲለወጥ ጦሩ ተበትኖ ጫማ እንኳ ሳይኖረው የኛን በር አንኳኳ። አባዬ የከብት ነጋዴ ነው፤ የከብት መኖ የምናስቀምጥበት ክፍል ውስጥ አንድ ወር ሸሸገው፤ ወታደር እንዳይመስል የራሱን ሱሪ አውልቆ አለበሰው። ይህን ታሪክ እንግዳ በመጣ ቁጥር አባዬ ያወራዋል። ሱሪዋ ጋ ሲደርስ ጋሽ ደምሰው ሁልጊዜ አንገቱን ይደፋል።

ሥዕል ግን እንጀራው አልነበረም፤ አመሉ ነበር። ልጅ ሆኖ የቤታቸውን ግድግዳ በከሰል አጥቁሮ ተገርፏል። ጦር ሰፈር ሲገባ ደግሞ የመሪዎችን ፊት በትልቁ እንዲስል አዘዙት። «አንዱን ሰውዬ ስምንት ጊዜ ስዬዋለሁ፤ በመጨረሻ አውርደህ አቃጥል ብለው ያዘዙትም እኔኑ ነው» ይል ነበር። «የሰው ፊት በቃኝ። ዛሬ አለቃ፣ ነገ ታሳሪ። ላም ግን ላም ናት፤ አትዋሽብህም።»

ነገሌ ከመጣ በኋላ የሚስለው ላም ብቻ ሆነ። ከስፌት የተረፈውን አቡጀዲ እንጨት ላይ ይወጥርና ሙጫ ይቀባዋል፤ ቀለሙን ከጋራዥ፣ ከመኪና የተረፈውን ይለምናል፤ ብሩሹን ከላም ጭራ ፀጉር ራሱ ያስራል። መጀመሪያ ሰሞን የቦረና ሰዎች ሥዕሎቹን እያዩ በሳቅ ይሞቱ ነበር። «ይቺ ቀንዷ የኛ አይደለም! ሻኛዋስ የት ሄደ?» እሱም ሳይቀየም ፍቆ ደግሞ ይስላል። ዓመታት ሲያልፉ መሳቁ ቀረ። ሰዎቹ በረንዳው ላይ ቆመው «ይቺ የእገሌ ናት» እያሉ ከብቶቹን በባለቤታቸው ይጠሩ ጀመር። እኔ ከትምህርት ቤት እንደመጣሁ እግሩ ሥር ቁጭ ብዬ እለፈልፋለሁ፤ አሮጌ ቀለም የሚፍቅበትን ብርጭቆ ወረቀት ሳቀብለው «አንቺ ወሬኛ» ይለኛል።

ከሁሉም የሚወዳት የአዴ ጉያቱን ላም ነበር። አዴ ጉያቱ፣ አዴ እትዬ እንደማለት ነው፣ ባሏ የሞተባት የቦረና ሴት ናት። ድርቁ ከብቷን ጨርሶ አንዲት ላም ብቻ ተረፈቻት፤ ዲማ፣ ቀይ ማለት ነው፤ ከግራ ትከሻዋ ኋላ መዳፍ የሚያህል ነጭ ምልክት ያላት። ጋሽ ደምሰው መንደራቸው ድረስ ሄዶ ሳላትና ግድግዳው ላይ ሰቀላት። አዴ ጉያቱ በገበያ ቀን ወተት ሸጣ ስትመለስ በረንዳው ላይ ትቆማለች።

«አካም፣ ደምሰው! ናጋ? ላሜ ጠጣች ወይ?»

«ጠጥታለች አዴ። ሣሩንም ጨርሳብኛለች።»

ሁለቱም ይስቃሉ። አንድ ቀን ላሚቱ ተሰረቀች። ከዚያ በኋላ አዴ ጉያቱ ስትመጣ ቀልድ የለም። ሥዕሉ ፊት ለፊት መሬት ላይ ተቀምጣ፣ አይታ አይታ ትሄዳለች።

ወራት አለፉ። አባዬ በፊልቱ መንገድ ካለ ገበያ ከብት ገዝቶ ሲመጣ አንዲቱ ቀይ ላም ነበረች፤ ነጭ ምልክቷ መዳፍ የሚያህል። ጆሮዋ ላይ የነበረው የባለቤት ምልክት እንደገና ተቆርጦ ጠፍቷል። አዴ ጉያቱ ወሬ ሰምታ ግቢያችን ድረስ መጣች። ላሚቱን ስትጠራት ላሚቱ ቀና አለች። አባዬ ግን «ቀና የማትል ላም የት አለች? እኔ በገበያ ነው የገዛሁት» አለ። ነገሩ ለሽማግሌ ተቀጠረ።

እኔ ምን ሆኜ ነው? ደስ ብሎኝ፣ ምሳ ላይ፣ አፌ እህል እንደሞላ፣ «አባዬ፣ ምን ያጨቃጭቃችኋል? ጋሽ ደምሰው ቤት ሥዕሏ አለ እኮ! ነጯም ጭምር አለች!» አልኩ። አባዬ የጠቀለለውን ጉርሻ መልሶ አስቀመጠው። ምነው በዚያች ሰዓት ምላሴን በያዘው።

ፀሐዩ አናት ሲበሳ፣ ሰው ሁሉ ጥላ ሲገባ፣ አባዬ ተነሥቶ ወደ ጋሽ ደምሰው ክፍል ሄደ። ተከተልኩት።

«ያቺን ነጭ ነገር አጥፋት» አለው።

ጋሽ ደምሰው ማሽኑን አቆመ። «ጋሼ፣ ሌላ ነገር ይዘዙኝ። ቤቱን ልልቀቅልዎት። ማሽኑን ይውሰዱት። የዚህች ሴት ሕይወት እኮ ይህቺው ላም ናት።»

«ቤት ጠየቅኩህ? ያን ለት ሱሪዬን አውልቄ ሳለብስህ ሌላ ነገር ጠይቀኝ ብዬሃለሁ?»

«እሺ፣ ሥዕሉን ልደብቀው።»

«ከደበቅከውማ ያውቁብኛል። አጥፍተህ አምጣው።»

ጋሽ ደምሰው ተነሥቶ ሥዕሉን ከግድግዳው አወረደ። ከዚያ ቀይ ቀለሙን አቀጠነና ብሩሹን አነሣ። ብርጭቆ ወረቀቱ አጠገቡ ነበር፤ አልነካውም። «ሳትፍ...» ብዬ ስጀምር ዞር ብሎ አየኝ።

«አንቺ ወሬኛ፣ ዝም በይ» አለኝ። ዝም በይ ብሎኝ አያውቅም ነበር።

ከሁለት ቀን በኋላ ሽማግሌዎቹ ዛፍ ሥር ተቀመጡ። አዴ ጉያቱ ገና ሳትጠየቅ «የሳላት ሰው አለ፤ ሥዕሉን አምጡት» አለች። ጋሽ ደምሰው ተሸክሞት መጣ። ሽማግሌዎቹ ላሚቱን አዩ፣ ሥዕሉን አዩ። አንደኛው «የሥዕሏ ጥርት ያለች ዲማ ናት፤ ይቺ ላም ግን ምልክት አላት። አይገናኙም» አለ። ጋሽ ደምሰውን ሲጠይቁት «እንደምታዩት ነው» ብቻ አለ።

እኔ እዚያው ነበርኩ። አባዬ እጄን ይዞኛል፤ አጥብቆ እንኳ አልያዘኝም። ቀኑን ሙሉ የምለፈልፈው ልጅ ያን ለት ቃል አልወጣኝም።

አዴ ጉያቱ አልጮኸችም፣ አልተራገመችም። አባዬን ዞራም አላየችው። ጋሽ ደምሰውን አየችው፤ ነጠላዋን አጠፈችና ሄደች። ከዚያ ወዲያ በገበያ ቀን የምትመጣው ወተት ይዛ አይደለም፤ እንጨት ተሸክማ ነው። በበረንዳው ስታልፍ አካም የለ፣ ናጋ የለ። ጋሽ ደምሰው እንደምታልፍ እያወቀ ማሽኑን አቁሞ ይጠብቃል፤ ካለፈች በኋላ ይቀጥላል። አባዬ ላሚቱን በሳምንቱ ሸጣት።

ጋሽ ደምሰው ሁለተኛ ብሩሽ አላነሣም። ሰዎች ላማችንን ሳልልን ሲሉት «ዓይኔ ደከመ» ይላል። ደከመ አሉ! ክር ያለ መነጽር መርፌ ውስጥ ያስገባ ነበር። ከሃያ ዓመት በላይ እንዲህ ኖረ። አዴ ጉያቱ አሬሮ ከተማ ልጇ ዘንድ ሄዳ ሞተች፤ አባዬም ሞተ፤ ጋሽ ደምሰውም ተከተለ። ጎረቤቱ በአንሶላ የተጠቀለለ ነገር ሜጋ ድረስ ላከችልኝ፤ «ለወሬኛዋ ስጡልኝ» ብሏል አለች።

ያው የዲማ ሥዕል ነው፤ ሳሎኔ ውስጥ ሰቀልኩት። ሦስተኛው በጋ ላይ ቤት ስጠርግ ከሥሩ የተላጠ ቀይ የቀለም ቅርፊት አገኘሁ። በማግስቱም፣ በሳምንቱም። አሁን ነጩ ምልክት ሙሉ በሙሉ ወጥቷል፤ ትናንት የተቀባ ይመስላል።

እሱ አውቆ ነው ያልፋቀው። አንድ ቀን ሰው እንዲያየው ነበር። ሰዓቱ ግን ዘገየበት፤ ሽማግሌዎቹ የሉም፣ ባለላሟ የለችም። የቀረሁት እኔ ነኝ፤ እኔ ደግሞ ድሮም አይቼዋለሁ።