ከጎኔ የተቀመጠችው ሰው

ባሌ አይስቅም። ሚስት ስለ ባሏ እንዲህ ስትል ስሞታ ይመስላል፤ እኔ ግን ሥራውን መናገሬ ነው። ቀን ቀን መነጽር ቤት ተቀምጦ ሌንስ ይሞርዳል፤ ዓርብ ዓርብ ከሰዓት በኋላ ደግሞ በሬዲዮ የሳምንቱን አዳዲስ ፊልሞች ይገመግማል። ከተማ ከሚያፈራርሱት ትልልቆች ጀምሮ በሁለት ክፍል ቤት ውስጥ ተቀርጸው እስከሚያልቁት ትንንሽ ኮሜዲዎች ድረስ አንድም አያመልጠውም። ሲኒማ ቤት በር ላይ ያሉት ሰዎች ሲያዩት «ድንጋዩ መጣ» ይባባላሉ። እሱም ሰምቷል። ቅር አይለውም፤ እንዲያውም ሆዱ ደስ ሳይለው አይቀርም።

ምላሱ ግን ድንጋይ አይደለም። በቀደም ስለ አንድ የጀግና ፊልም «ሦስት ከተማ ፈረሰ፤ የዋናው ተዋናይ ፀጉር ግን ንቅንቅ አላለም» ብሎ ሰፈሩን ሲያስቅ ሰነበተ። ጣጣው ያለው ኮሜዲ ላይ ነው። የማይስቅ ሰው ኮሜዲን እንዴት አድርጎ ይመዝናል? ይህን ጥያቄ ገና እንደተጋባን ለቀልድ ብዬ የጠየቅኩት እኔ ነኝ። እሱ ደግሞ ቀልድ የሚባል ነገር ስለማይገባው ሲያስብበት ሰነበተና መልስ ይዞ መጣ። መልሱ እኔው ሆኜ አረፍኩት።

ከዚያ ወዲህ ኮሜዲ በወጣ ቁጥር ልብስ ስፌቴን ትቼ አብሬው እሄዳለሁ። መብራቱ ሲጠፋ መዳፉን እጄ ላይ ያሳርፋል። ፍቅር እንዳይመስላችሁ፤ ልኬት ነው። የኔ ሳቅ ድምፅ ከማውጣቱ በፊት ከሆዴ ይነሳና ትከሻዬን ይዞ ክንዴን ያንቀጠቅጠዋል፤ እሱም እጄ ላይ ሆኖ ይጠብቀዋል። የይሉኝታ ሳቅ እጅ ድረስ አይወርድም ባይ ነው። ዓርብ ሲደርስ «ከጎኔ የተቀመጠችው ሰው ከልቧ ሳቀች» ካለ አዳራሹ ይሞላል። «ከጎኔ የተቀመጠችው ሰው ቦርሳዋ ውስጥ ቁልፍ ስትፈልግ ነበር» ካለ ደግሞ ለዚያ ፊልም አበቃለት። በስሜ የሚጠራኝ ሰው ጠፍቷል። አትክልት የምትሸጥልኝ ሴትዮ ሳትቀር «ከጎኔ፣ ደህና ሰነበትሽ?» ነው የምትለኝ።

አንዲት ሴት ልጅ አለችን። ይህች ልጅ ያደገችው እንደ ልጅ ሳይሆን እንደ ፊልም ነው ብል ብዙም አላጋነንኩም። ሥዕል ስላ ስታመጣለት፣ ትምህርት ቤት ድራማ ሠርታ ላቧ ሳይደርቅ ሮጣ ስትገባ፣ «እንዴት ነው አባዬ?» ትለዋለች። መነጽሩን ያወልቅና በሸሚዙ ጫፍ እየወለወለ፣ «እህ... አጀማመሩ ጥሩ ነው፤ መሃሉ ላይ ላላ» ይላታል። ለሬዲዮ አድማጩም የሚለው ይህንኑ ነው። ክፋት የለበትም። ከሬዲዮው ውጭ የማያከብረውን ነገር አይገመግምም፤ ዝም ብሎ ያልፈዋል እንጂ። ይህን ግን ለአስር ዓመት ልጅ ማን ያስረዳል? መታጠቢያ ቤት ገብታ ውሃውን ከፍታ ስታለቅስ የምሰማው እኔ ነበርኩ።

አድጋ ተዋናይ እሆናለሁ ባለች ጊዜ ቤታችን የጦር ሜዳ ሆነ። እሷ አንድ ትላለች፣ እሱ አንድ ይላል፣ እኔ መሃል ላይ ቆሜ የሁለቱንም እቀምሳለሁ። በመጨረሻ፣ «አጀማመርሽ ጥሩ ነበር...» ሲላት ቀሪውን ሳትሰማ ሻንጣዋን አንስታ ወጣች። ከዚያ ወዲህ ለኔ በየቀኑ ትደውላለች፤ ስለሱ ግን አንድ ቀን እንኳ አንስታ አታውቅም። እሱም አይጠይቅም። ስልኬ ሲጮህ ብቻ ከያዘው ሥራ ጋር ባለበት ቀጥ ይላል።

ታዲያ የመጀመሪያ ፊልሟ ወጣ። «የጎረቤት ቁልፍ» ትባላለች፤ ትንሽዬ ኮሜዲ ናት፤ ማስታወቂያ እንኳ በቅጡ አልተለጠፈላትም። በዚያው ሳምንት ደግሞ በየግድግዳው የተለጠፈለት አንድ የእሳተ ገሞራ ፊልም ወጥቷል። የሲኒማ ቤቱ ሥራ አስኪያጅ ዓርብ ሬዲዮውን ይሰማና ሰኞ የትኛው ፊልም እንደሚነሳ ይወስናል። ይህን ሁላችንም እናውቃለን። ልጄ ማክሰኞ ደወለች።

«እማዬ፣ ሳቂልኝ አልልሽም።»

«እሺ።»

«ካላሳቀሽ አትሳቂ። ግን ካሳቀሽ... እንዳትይዢው። አደራ።»

ማታ እራት ላይ፣ «የገዛ ልጅህን ፊልም ልትገመግም ነው?» አልኩት።

«ሳምንቱ ውስጥ የወጣ ፊልም ነው» አለኝ። ማንኪያውን አስቀመጠና መልሶ አነሳው።

ረቡዕ ገባን። አዳራሹ ከግማሽ በላይ ሞልቷል። መብራቱ ሲጠፋ መዳፉ እጄ ላይ መጣ፤ በረዶ ነው። ምን ነካው ብዬ ዞር ብዬ ሳየው ዓይኑን ሸራው ላይ ተክሏል። ፊልሙ ስለ አንድ ተከራይ ወጣት ነው። ደረጃ ላይ ፍቅረኛው ፊት ተንበርክኮ አግቢኝ እያለ ይለምናታል። በዚህ መሃል በሩ ተከፈተና አከራይዋ ባልዲ ይዛ ብቅ አለች። ልጄ ናት። ሽበት ቀብተዋታል፣ መነጽር አድርጋለች። ባልዲውን አስቀምጣ ልጁ ልመናውን እስኪጨርስ ቆማ ሰማችው። ከዚያ መነጽሯን አወለቀች። በሸሚዟ ጫፍ መወልወል ጀመረች።

ያኔ ነው ማንን እንደሆነች የገባኝ።

«እህ...» አለች። አንገቷን ዘንበል አደረገች፤ ልክ እንደሱ፤ ያቺው የግራ ዘንበል። «አጀማመሩ ጥሩ ነው፤ መሃሉ ላይ ላላ።»

አዳራሹ ፈነዳ። ሬዲዮ የማይሰማ ማን አለ! ከኋላዬ አንዱ «ድንጋዩ! ድንጋዩ ነው እኮ!» እያለ ወንበሩን ይደበድባል። ሰውየው ከፊቱ ማን እንደተቀመጠ አላወቀም። እኔ ደግሞ ሳቄ ከሆዴ ተነሳ። ትከሻዬ ደረሰ። ወላዲቱ ሆይ፣ እንዲህ ያለ ሳቅ መጥቶብኝ አያውቅም! ልጄ አባቷን ከነአረማመዱ፣ ከነአተነፋፈሱ ሸራ ላይ አውጥታዋለች። እጄ ላይ ያለው ግን የባሌ መዳፍ ነው። ሰው ሁሉ በሱ ሲስቅ፣ ከጎኑ የተቀመጠችው ሰውም አብራ ስትስቅ በገዛ እጁ ሊዳስስ ነው። አንጀቴ እንቢ አለ። ጉንጬን ከውስጥ በኩል ነከስኩት። አከራይዋ የተከራዩን ልቅሶ ገመገመች፤ ነከስኩ። የጎረቤቱን ማንኮራፋት ገመገመች፤ አፌ ደም ደም አለኝ። የሞቱ ዘመዶቼን አንድ በአንድ አሰብኩ። እጄ ንቅንቅ ሳትል ፊልሙ አለቀ።

ቤት ስንደርስ በሩ ላይ ቆመና፣ «ሳትስቂ ቀረሽ» አለኝ።

«አዎ።»

«ምንም?»

«ምንም።»

ራሱን ነቀነቀና ገባ። እኔም ልቤ ትንሽ መለስ አለ። ከእንግዲህ የሚናገረው ስለሌለው ያልፈዋል፣ አባትነቱም ይይዘዋል ብዬ ነበር። ይህን ሁሉ ዓመት አብሬው ኖሬ እንዲህ ማሰቤ እስከዛሬ ይገርመኛል። ይህ ሰውዬ ፊልም መቼ አልፎ ያውቃል?

ዓርብ ከሰዓት ጎረቤታችን ነርሷ ቀሚስ ልታስለካ መጥታ፣ ወገቧ ላይ መርፌ ቁልፍ ስሰካላት ሬዲዮው ጀመረ። በእሳተ ገሞራው ተነሳ። «ከተዋንያኑ ሁሉ የተሻለ ስሜት የነበረው ተራራው ነው» አለ። ነርሷ ሳቀች። ቀጥሎ አንድ የፍቅር ፊልም አነሳና «ሁለቱ ቢደዋወሉ ኖሮ በሩብ ሰዓት ያልቅ ነበር» አለ። መሰካቱን ትቼ ወደ ሬዲዮው ዞርኩ።

«ሦስተኛው» አለና ጉሮሮውን ጠረገ። «ሦስተኛው ትንሽ ኮሜዲ ነው። አከራይዋን ሆና የምትተውነው ልጄ ናት። ስለዚህ ዛሬ የኔ አስተያየት ዋጋ የለውም። ብወደውም አትመኑኝ፣ ብጠላውም አትመኑኝ። የማምነው አንድ ሰው ብቻ ነው፤ እናንተም ታምኗታላችሁ። ከጎኔ የተቀመጠችው ሰው አንድ ጊዜም አልሳቀችም።»

ነርሷ ቀስ ብላ ዞራ አየችኝ። «አንቺ፣ በልጅሽ?» አለች።

ምን ልበላት? ልጄን በገዛ እጄ ገደልኳት። እሱን አድናለሁ ብዬ ሰይፉን አቀበልኩት። ወዲያው ስልኬ ጮኸ፤ ልጄ ናት። ልጄን ምን ብዬ ነው የማናግራት? ዘጋሁባት። ዘግቼባት የሬዲዮ ጣቢያውን ቁጥር መታሁ። ተይዟል። ደግሜ መታሁ፤ ተይዟል። ስልኩ መልሶ ጮኸ፤ አሁንም ልጄ። አሁንም ዘጋሁ። በሬዲዮው አንድ አድማጭ ገብቶ ስለ እሳተ ገሞራው አመዱ ከምን እንደተሠራ ያወራል። አልጨርስም አለ! ፕሮግራሙ ሊያልቅ ነው፤ ሰኞ ደግሞ ፊልሙ ሊነሳ ነው። ነርሷ ከነመርፌዋ እንደቆመች «ቶሎ በይ እንጂ!» ትለኛለች፤ ገና ምን ላደርግ እንደሆነ እንኳ ሳታውቅ።

መስመሩ ገባልኝ። ሄሎ ስል ስልክ ተቀባይዋ ድምፄን ለየችው መሰለኝ፣ «ስለ የትኛው ፊልም ነው?» ብላ ሳልመልስ አሻገረችኝ።

«ሄሎ፣ አድማጫችን፣ በአየር ላይ ነዎት» አለ ባሌ።

«እኔ ነኝ።»

በሬዲዮው ወረቀት ሲንኮሻኮሽ ተሰማ።

«ከጎንህ የተቀመጥኩት ነኝ። ዋሽቼሃለሁ። ጉንጬን ነክሼ ነው የያዝኩት፤ እስካሁን ቆስሏል፣ ምግብ እንኳ በአንድ በኩል ነው የምበላው። እንደዚህ ያለ የሚያስቅ ነገር በዕድሜዬ አይቼ አላውቅም።»

«ለምን ያዝሽው?» አለ። ድምፁ የሬዲዮው አልነበረም፤ የቤቱ ነበር።

«አንተን ስለሆነች ነዋ! አከራይዋ አንተ ነህ!»

«አውቃለሁ» አለ።

«ታውቃለህ?»

«መነጽሩን ስታወልቅ ነው ያወቅኩት።» ትንፋሹ ይሰማኛል፤ ነርሷም ቀረብ ብላ ትሰማለች። «ሰው ሁሉ ሲስቅ አንቺ አልሳቅሽም። ለሌላው ሰው ቀልድ ነው፤ አብራኝ ለኖረችው ግን ቀልድ አይደለም ማለት ነው አልኩ። የኖርኩባችሁ እንደዚህ ነው ማለት ነው አልኩ። ለሁለት ቀን ሌላ ነገር አላሰብኩም።»

«ኸረ በጭራሽ» ልለው አፌን ከፈትኩ። ጥሩ ሚስት የምትለው እንደዚያ ነው። ግን ያን የመታጠቢያ ቤት ውሃ የሰማሁት እኔ ነኝ፤ አንድ ጊዜ ደግሞ ዋሽቼ ያመጣሁትን መዘዝ አሁን እያየሁት ነው።

«አንዳንድ ቀን እንደዚያ ነበር» አልኩት። «ቤት ውስጥ አንዳንድ ቀን አያስቅም ነበር። ፊልሙ ላይ ግን በጣም ነው የሚያስቀው።»

ነርሷ አፏን በእጇ ያዘች።

«አድማጮቼ» አለ። «የተናገርኩትን አንስቻለሁ። ከጎኔ የተቀመጠችው ሰው ስቃለች። ፊልሙን ሂዱና እዩት። እኔም ደግሜ አየዋለሁ፤ ረቡዕ ዕለት ያየሁት የሚስቴን እጅ ነበር።» ከዚያ ጨመረበት። «ልጄ ጎበዝ ናት። መሃሉም አልላላም።»

ሙዚቃ ገባ። ስልኩን ስዘጋ ወዲያው ጮኸ። ልጄ ናት። እያለቀሰች ነው እየሳቀች መለየት አልቻልኩም፤ እሷም የምትለየው አይመስለኝም።

«እማዬ፣ ስድቡን በኋላ ትሰሚያለሽ» አለችኝ። «አሁን የአባዬን ቁጥር ስጪኝ።»

«ቁጥሩን? አንቺ ጋ የለም እንዴ?»

«ቤት ጥዬ የወጣሁ ቀን አጥፍቼዋለሁ።»

በቃሌ ነገርኳት። እየደገመች ጻፈችው።