አሥራ ሁለተኛዋ ጉድጓድ

አዝመራው ብሩሹን ቀይ ቀለም ውስጥ ነክሮ በማዕዘኑ ድንጋይ ላይ «ታግዷል» ብሎ ሲጽፍ ወለላ አጠገቡ ቆማ ነበር። አዝመራው የግንባታ ክትትል ባለሙያ ነው። የመጣው የመሠረቱን ጥልቀት ለክቶ ለመሄድ ነበር፤ ለክቶም «ደህና ነው» ብሏል። ወረቀቱን አጥፎ ሊወጣ ሲል ነው ዓይኑ በበሩ በኩል ከተቀመጠችው የደፍ ድንጋይ ላይ ያረፈው። ጎንበስ አለ፤ አቧራዋን በመዳፉ ጠረገ፤ ከዚያ ድምፁ ተለወጠ።

«ይቺን ከየት አመጣችኋት?»

ድንጋይዋ ቀይ ናት፤ ርዝመቷ ሁለት ክንድ ይሆናል። በላይዋ ላይ ስኒ ስኒ የሚያህሉ ጉድጓዶች በሁለት ረድፍ ተቆፍረዋል። በላሊበላ ምድር የሰው እጅ ያረፈበትን ቀይ ድንጋይ አይቶ እንዳላዩ ማለፍ አይቻልም። ዝም ቢልና ነገ ቅርስ ሆና ብትገኝ ተጠያቂው እሱ ነውና በአዝመራው አይፈረድም።

«የራሴ ናት» አለች ወለላ። «የድሮው ቤቴ ደፍ ናት።»

«ማስረጃ አለዎት?»

ለደፍ ማስረጃ የሚሰጥ አገር የት አለ! ከኮን ከተማ የመጣው ግንበኛ አባስ ቱንቢውን እንዳንጠለጠለ ቆመ። ለጭቃው ውሃ የምታመላልሰው ልጇ ማኅሌትም ጀሪካኑን ከጀርባዋ ሳታወርድ «እማዬ፣ ምን አጠፋን?» አለች።

ዕለቱ ግንቦት ሃያ ስድስት ነው። የወለላ የግንባታ ፈቃድ ደግሞ «እስከ ሰኔ ሠላሳ ግንቡ መስኮት ልክ ካልደረሰ ፈቃዱ ይሰረዛል፤ ቦታውም ለሌላ ተነሺ ይሰጣል» ይላል፤ ማኅተምም አለበት። ግንቡ ገና ጉልበት አልደረሰም። የአቡነ ዮሴፍ ተራራ ከሰዓት በኋላ ከሰዓት በኋላ ደመና መልበስ ጀምሯል፤ ክረምቱ ከቀደማቸው በጭቃ የተያያዘ ግንብ ሳይደርቅ ይናዳል። እግድ በዚህ ላይ ሲመጣ በእንቅርት ላይ ጆሮ ደግፍ ነው።

ያቺ ፈቃድ ደግሞ በዋዛ የተገኘች አይደለችም። ወለላ ተድራ የወለደችው ከአብያተ ክርስቲያናቱ አጠገብ በነበረው በድሮው ሰፈር ነው። ባሏ ደግሰው ድንጋይ ጠራቢ ነበር፤ ባለ ፎቁን ክብ የድንጋይ ቤት በገዛ እጁ ሠርቶ አስገባት። እሱ ከሞተ በኋላ ሰፈሩ ለቅርሱ ደኅንነት ይነሣ ተባለና ተነሣች። ምትክ ቦታ አለሽ ተባለች፤ ካርታው ግን ላም አለኝ በሰማይ ሆነባት። በጦርነቱ ወራት ወረቀቱ ተበተነ። እንደ ገና ምስክር አቆመች፣ እንደ ገና አስለካች፣ ፕላን አሠራች፣ ወሰንተኞቿን አስፈረመች። «ነገ ይምጡ» ሲሏት ነገ እየሄደች፣ «ባለሙያው ስብሰባ ላይ ነው» ሲሏት ከደጁ ተቀምጣ ጥጧን እየፈተለች፣ አምስት ዓመት ፈጀች። የቢሮው ዘበኛ «እትዬ ወለላ፣ እርስዎ እኮ ከኔ ቀድመው ነው ሥራ የሚገቡት» እያለ ይቀልድባት ነበር። በዚያ ሁሉ ጊዜ እሷ፣ ማኅሌትና ሁለቱ የማኅሌት ልጆች ባንዲት የኪራይ ክፍል ተጣበው አደሩ።

ከድሮው ሰፈር ሲነሡ ሰው ሁሉ በሩን፣ መስኮቱን፣ ቆርቆሮውን ጫነ። ወለላ አራት ጎረምሳ ለምና በቃሬዛ ያሸከመችው ያቺን ደፍ ነው። «ጉድ ሳይሰማ መስከረም አይጠባ! ድንጋይ ሞልቶ ከተረፈበት አገር ድንጋይ ታማ በቃሬዛ ሄደች» ብለው ሳቁባት። ብትፈልጉ ሳቁ ብላ ቃሬዛውን ተከትላ ሄደች።

ምክንያቱን የሚያውቁት እሷና ማኅሌት ብቻ ናቸው። ጉድጓዶቹን የቆፈረው ልጇ ጋሻዬ ነው። የአሥራ አንድ ዓመት ልጅ ሳለ የአባቱን አሮጌ መሮ ሰርቆ የቤቱን ደፍ ገበጣ አደረገው። አሥራ አንዱን ጨርሶ አሥራ ሁለተኛዋን ጫር ጫር ሲያደርግ ወለላ ደረሰችበት። «እንግዳ የሚረግጠውን ደፍ አበላሸኸው!» ብላ በጨንገር ጀርባውን ለበለበችው። ልጁ መሮውን ወርውሮ ሮጠ፤ ማታ ሲመለስ አኩርፎ «እንግዲያው አልጨርሳትም» አለ፤ አልጨረሳትምም። ከእኅቱ ጋር ሲጫወቱ በጎደለችው ጉድጓድ ፈንታ የጣሳ ክዳን እያስቀመጡ ጠጠራቸውን እዚያ ይጥሉ ነበር።

በአሥራ ዘጠኝ ዓመቱ በጅቡቲ በኩል ባሕር ሊሻገር ተነሣ። እናቱ ስታለቅስበት ሊያስቃት ብሎ ደፉን በእግሩ ጣት ነካ እያደረገ፣ «እማዬ፣ ማንም እንዳይነካብኝ፤ አሥራ ሁለተኛዋን ስመለስ ራሴ እጨርሳታለሁ» አላት። ከባሕሩ ዳር አንድ ጊዜ ደወለ። ከዚያ ወዲህ፣ ይኸው ዘጠኝ ዓመት፣ ድምፁ የለም።

ወለላ ለቅሶ አልተቀመጠችም። መርዶ ያልሰማ ሰው ምን ብሎ ያለቅሳል? የጎረቤት ሴቶች «እንግዲህ ቁርጥሽን ዕወቂ» ሊሏት ሲሞክሩ ከቤቷ አባረረቻቸው። ያስጨነቃት ሌላ ነገር ነው፦ ልጁ ቢመለስ የድሮውን ቤት አያገኘውም። አዲሱን በምን ያውቀዋል? በደፉ ነዋ! አምስት ዓመት ደጅ የጠናችው ለዚህ ነው። ቤቱ ለማኅሌትና ለልጆቿ ይሁን፤ ደፉ ግን የጋሻዬ ነው።

አዝመራው ክፉ ሰው አልነበረም። ብሩሹን ከቆርቆሮው አፍ ላይ አጋድሞ ቀረብ አላት።

«እናቴ፣ ይስሙኝ። ሁለት መንገድ አለ። አንደኛው፣ ‹ከገዛሁት ድንጋይ መሐል ተቀላቅላ መጣች፤ ከየት እንደ ሆነች አላውቅም› ብለው ይፈርሙልኛል። ድንጋይዋ ትወሰዳለች፤ እግዱን አሁኑኑ አነሣለሁ። ሁለተኛው፣ የኔ ናት ካሉ፣ አጣሪ እስኪመጣ መጠበቅ ነው። በሳምንት ይምጣ፣ በሦስት ወር ይምጣ፣ እኔ አላውቅም። እስከዚያ ድረስ ሥራ የለም።»

«ቀኑስ? ሰኔ ሠላሳስ?»

«ቀኑማ ይቆጠራል።»

ማኅሌት ጀሪካኑን መሬት ላይ ጣለችው። «እማዬ ፈርሚ! በእመብርሃን ይዤሻለሁ፣ ፈርሚ። እነዚህን ልጆች የት ልወስዳቸው ነው?»

«አብሽሩ፣ እትዬ ወለላ» አለ አባስም። «ወላሂ ከዚህ የምታምር ደፍ ጠርቤ አስቀምጥልዎታለሁ። ድንጋይ ድንጋይ ነው።»

እውነታቸውን ነው። ወለላ የግንቡን ቁመት አየች፤ ተራራው ላይ የተቀመጠውን ደመና አየች፤ እስክሪብቶውን ተቀበለች። በመሠረተ ትምህርት ፊደል የቆጠረች ናትና ሳታነብ አትፈርምም። ጣቷን ከመስመሩ በታች እያስኬደች አነበበች፦ «የዕቃው ዓይነት፦ የተቀረጸ ድንጋይ። የዕቃው ባለቤት፦ ያልታወቀ።»

ጣቷ እዚያ ላይ ቆመ።

«ያልታወቀ?» አለች ቀስ ብላ። ከዚያ ንዴቱ ከእግሯ ጀምሮ ወጣ። «ማን ነው ያልታወቀው? ባለቤቷማ ጋሻዬ ደግሰው ይባላል! ዘጠኝ ወር የተሸከምኩት፣ በዚህ እጄ የገረፍኩት፣ እሱ ነው ያልታወቀው?» እስክሪብቶውን መለሰችለት። «ማኅሌት፣ ሂጂ። ከሳጥኑ ሥር ያለውን ጥቅል አምጪ።»

ማኅሌት ጥቅሉን ታውቀዋለች፤ ከቦታዋ አልተነቃነቀችም። «እማዬ፣ እሱን እንኳ ተይው…»

«ሂጂ አልኩሽ!»

ኪራይ ቤቱ ቅርብ ነው፤ ማኅሌት እየሮጠች ይዛ መጣች። ከጨርቁ ውስጥ አንድ አሮጌ መሮ ወጣ። አፉ መሐል ላይ ተሸርፏል።

«ጣትህን ከጉድጓዶቹ ውስጥ ክተትና ዳስስ» አለችው ወለላ። «ከሥራቸው ቀጭን ቀጭን ከፍ ያለ መስመር አለ። የተሸረፈበት ቦታ ስለማይቆርጥ መስመር እየተወ ነው የሚሄደው።»

አዝመራው ተንበርክኮ ዳሰሰ። በአንዱ አለ፤ በሌላውም አለ። «አለ» አለ። «ግን በዚህ መሮ ለመቆፈራቸው ምን ማረጋገጫ አለኝ?»

«ይሞከራላ!» አለ አባስ። መሮውን ተቀብሎ ለግንቡ ከመጣው ጥቁር ድንጋይ ባንዱ ላይ መታ። ድንጋዩ ብርቱ ነው፤ ብልጭ አለና ዱቄት ብቻ ተወ። ሌላውንም ሞከረ፤ ያው ነው። ለስላሳውን ቀይ ድንጋይ መፍለጥ ከተከለከለ ቆይቷል፤ በአካባቢው የሚሞከርበት ቀይ ድንጋይ አንድ ብቻ ነው። ሁሉም ወደ ደፉ ዞረው አዩ። ከሁለተኛው ረድፍ ጫፍ ላይ፣ የተጫረች እንጂ ያልተቆፈረች፣ አሥራ ሁለተኛዋ አለች።

«አይሆንም» አለ አዝመራው። «እናቴ፣ ቅርስ ሆና ከተገኘች ቅርስ ማበላሸት ነው። እስር አለው። ቆሜ በማየቴ እኔም አብሬ እገባለሁ።»

«አንተ ፊትህን አዙር።»

«ፊቴን ማዞርማ አልችልም» አለ፤ ግን አልሄደም፤ አልከለከላትምም።

ወለላ መሮውንና መዶሻውን ከአባስ ተቀብላ ከደፉ አጠገብ ተቀመጠች፤ መሮውን ደገነች። አባስ «ልምታልዎት?» ብሎ እጁን ዘረጋ።

«ተወው። የገረፈው እጅ ይጨርሳት።»

የመጀመሪያው ምት ሳተ፤ ሁለተኛው ያዘ። ቀዩ ዱቄት በጉልበቷ ላይ ይፈስስ ጀመር። በመንገዱ የሚያልፉ ሰዎች ቆም ቆም አሉ፤ ማኅሌት ፊቷን ወደ ግንቡ አዞረች፤ አዝመራው ሰዓቱን ያያል፣ መንገዱን ያያል፣ እጇን ያያል። ወለላ ስለ እስሩ አላሰበችም። የምታስበው አንድ ነገር ነው። ራሴ እጨርሳታለሁ ብሎ ነበር። መሮው አንድ ጊዜ በገባ ቁጥር ለእሱ የተቀመጠው ሥራ ይቀንሳል። የሚመለስበት ምክንያት በገዛ እጇ እየተፈረፈረ ነው፤ ግን መምታቷን አላቆመችም።

ጉድጓዷ ስኒ ስታክል መዶሻውን አስቀመጠች።

አዝመራው ተንበርክኮ ዱቄቱን በትንፋሹ እፍ አለ። ጣቱን ከአሮጌው ጉድጓድ ከተተ፤ ከዚያ ከአዲሱ፤ እንደ ገና ከአሮጌው። ቀጭኑ መስመር በሁለቱም አለ፤ ውፍረቱም አንድ ነው። ከዚያ ቅጹን አውጥቶ «ያልታወቀ» የሚለውን ሰረዘና ከላዩ የልጁን ስም ከነአባቱ ጻፈ።

«የናንተ ናት» አለ። «ሥራችሁን ቀጥሉ።»

«አልሐምዱሊላህ!» አለ አባስ። ወዲያው ቱንቢውን አነሣ፤ የባከነውን ሰዓት ሊክስ ቸኩሏል። «ማኅሌት፣ ጭቃ! ዛሬ አንድ ረድፍ እንጨምራለን።»

ወለላ ግን አልተነሣችም። መሮውን መልሳ ልትጠቀልል ጨርቁን ስትገልጥ የዛገ የጣሳ ክዳን እጇ ገባ። አገላበጠችው።

«እሱስ ምንድን ነው፣ እትዬ?» አለ አባስ።

«በጎደለችው ፈንታ የምትቀመጥ ነበረች።»

በልማድ እጇን ወደ ድንጋይዋ ዘረጋች። የሚቀመጥበት ቦታ ግን የለም፤ አሥራ ሁለቱም ሞልተዋል። ክዳኑን ይዛ ወዲህ አለች፣ ወዲያ አለች፣ የምታሳርፍበት አጣች። ያኔ ዘጠኝ ዓመት ያነቀችው ነገር ፈነዳ። «ጋሻዬን! ልጄን! ውሃ የበላብኝን!» ብላ ደረቷን መታች። ማኅሌት «ወንድሜን!» እያለች መጥታ ከአጠገቧ ወደቀች።

ጩኸቱን የሰሙ ጎረቤቶች ነጠላቸውን አዘቅዝቀው ከላይም ከታችም መጡ። ማን ሞተ ብሎ የጠየቀ አልነበረም፤ ሁሉም ሲጠብቁት የኖሩት ለቅሶ ነው። አባስ ቱንቢውን ቀስ ብሎ ጠቀለለ፤ ለቅሶ ባለበት መዶሻ አይመታምና ኮፍያውን አውልቆ ከሰዎቹ ጋር ተቀመጠ። አዝመራውም የቀለሙን ቆርቆሮ ከአጠገቡ አድርጎ ከድንጋይ ክምሩ ላይ ተቀመጠ።

እግዱ የተነሣው ከቀኑ ዘጠኝ ሰዓት ላይ ነው። ለሰኔ ሠላሳ ሠላሳ አራት ቀን ቀርቷል። በዚያ ቀን ግን በወለላ ግንብ ላይ አንድም ድንጋይ አልተጨመረም።