ሣጥኑ ከመሀል ከተነሣ ወዲህ

አጎቴን ሰው ሁሉ «ውሃ ልክ» ነው የሚለው። አናጢ ነው፤ የዘመመ ነገር ካየ እህል ከጉሮሮው አይወርድም። ሰው ቤት ተጋብዞ፣ ምሳው እስኪቀርብ የግድግዳ ሥዕል ሲያቃና የተገኘበት ጊዜ ብዙ ነው። የካቶሊክ ቤተ ክርስቲያናችንን በሮችና አግዳሚ ወንበሮች ሠላሳ ዓመት የጠገነው እሱ ነው። እኔ ደግሞ ከመዘምራኑ አንዷ ስለሆንኩ የሆነውን ሁሉ በዓይኔ አይቻለሁ።

ቤተ ክርስቲያኑ ገና ከበሩ ዓይንን ወደ አንድ ቦታ ይመራል። መተላለፊያው ቀጥ ያለ ነው፤ መስኮቶቹ ወደ ፊት እየሰፉ፣ ብርሃኑም እየጨመረ ይሄዳል። መጨረሻው ላይ፣ ከመሠዊያው ጀርባ፣ ቅዱስ ቁርባን የሚቀመጥበት የናስ ሣጥን ነበር። የገባ ሰው ያንን ያይና አንድ ጉልበቱን አጥፎ ይሰግዳል። ማንም ቁጭ አድርጎ አላስተማረንም፤ ቤቱ ነው ያስተማረን።

ታዲያ የሕንፃ ኮሚቴው የመዘምራኑ መድረክ ይስፋ አለና፣ ሣጥኑ ወደ ጎን ክፍል፣ ሰው ጃንጥላውን ወደሚያስቀምጥበት፣ እንዲዛወር ወሰነ።

«አባ፣ ጉልበት የሚከተለው ዓይንን ነው» አለ አጎቴ ለቄሱ። «ሣጥኑን ከፊታቸው ካነሣነው መስገዱም ይቀራል።»

«ኮሚቴው ወስኗል። እኔ ምን ላድርግ ብለህ ነው?» አሉ አባ።

የኮሚቴው ሰብሳቢ ደግሞ፣ «ጋሼ፣ እግዚአብሔር እኮ በሁሉም ቦታ አለ» ብሎ ሳቀ። እኔ ግን በልቤ፦ ሁሉም ቦታ እኩል ከሆነ እሱ ለምንድን ነው ሁልጊዜ የፊት ወንበር የሚያስይዘው?

አጎቴ ጥርሱን ነክሶ ሣጥኑን በገዛ እጁ ነቅሎ አዛወረው። በባዶው ቦታ ትልቅ ስፒከር ቆመ።

እሑድ ሰው እንደ ልማዱ ገባ፣ ወደ መሀል አየ፣ ጉልበቱን አጠፈ። ለስፒከር! ከዚያ አጎቴ መጣ። ሣጥኑን የነቀለው፣ በጎኑ ክፍል ብሎኑን ያጠበቀው ሰው ራሱ ስፒከሩ ፊት ተንበረከከ። ሰብሳቢው አፉን በመዳፉ ያዘ። አጎቴ ሲነሣ ምን እንዳደረገ ገባው፤ ፊቱ ደም መሰለ።

ከቅዳሴ በኋላ፣ «አያችሁ?» አላቸው አባንና ኮሚቴውን። «እኔ እንኳ ጉልበቴን ማዘዝ አቃተኝ። ፍቀዱልኝና ነገ ጠዋት ወደ ቦታው ልመልሰው።»

ጆሮ ዳባ ልበስ አሉ። ያደረጉት ነገር ቢኖር «ቅዱስ ቁርባን በዚህ በኩል» የሚል ባለ ቀስት ወረቀት መለጠፍ ነው። እሱንም አጣመው ለጠፉት። አጎቴ እያጉረመረመ አቃናው።

ይኸው ሦስት ወር ሆነ። አሁን ለስፒከሩ የሚንበረከክ የለም። ወደ ጎኑ ክፍል የገባውም ጃንጥላውን ያስቀምጥና በስልክ እያወራ ይወጣል። ባለፈው እሑድ ሰብሳቢው በር ላይ የአጎቴን ትከሻ መታ መታ አደረገ።

«አላልኩም ጋሼ? ሰው ለመደ!»

አጎቴ የሚገባውን ሰው ቆሞ አየ።

«አዎ» አለ፤ «ሳይሰግድ መግባት ለመደ።»