ዝንብ በል ተክሎችን ያሳደገችው ሴት

ጥቁር የለበሰችው የዕፅዋት ተመራማሪ እናቷን ለመቅበር ከሄደችበት ከሁለት ሳምንት በኋላ እንደተመለሰች በቀጥታ ወደ መስታወት ቤቱ ገባች። ዕድሜዋን የሰጠቻቸው ዝንብ በል ተክሎች ከዝናብ ውሃ በቀር አይስማማቸውም፤ ከጣሪያው የሚወርደውን በበርሜል የምታጠራቅመውም ለዚሁ ነው። አሁን ግን ቅጠሎቻቸው ጠቁረው አገኘቻቸው።

«እትዬ፣ እንዳይጠማቸው ብዬ ጠዋት ማታ የቧንቧ ውሃ አጠጣኋቸው» አላት ግቢውን ትታለት የሄደችው ጥበቃ። «ዝንቡን ግን አላጎረስኳቸውም፤ ጣቴን ፈራሁ።»

ደግነት ዕውቀት ሲጎድለው ምን እንደሚያደርስ ልትነግረው በተገባ ነበር። እርሷ ግን ቅጠሎቹን ዳሰሰች።

«ይድናሉ አይደል?»

«ይድናሉ፣ ወንድሜ። ደክመህልኛል።»

እርሱ ከወጣ በኋላ የሞቱትን አንድ በአንድ እየነቀለች፣ እንዳያያቸው በቦርሳዋ ውስጥ ትሸሽጋቸው ጀመር።