ዳኛው በመጨረሻ የጠየቋት ጥያቄ

በፍርድ ቤቱ ሁለተኛ ፎቅ ያለውን ችሎት የምታጸዳው ሴት ሥራዋን የምትጀምረው ወለሉን በመጥረግ አይደለም። አስቀድማ ምስክሮች ቆመው ቃላቸውን የሚሰጡበትን የእንጨት መደገፊያ ትወለውላለች። ሲያብለጨልጭም ደግማ ትወለውለዋለች። ነገር ካልለከፈ የማይውለው ጥበቃ ከደረጃው ራስ ሆኖ ያያታል።

«እትዬ፣ ይኼን እንጨት ልታገቢው ነው እንዴ? ለእኛ ወንበር እኮ አቧራው ብቻ ነው የደረሰው።»

«አንተ በርህን ጠብቅ።»

ሰው ያለ ምክንያት አንድ ቦታ ደጋግሞ አይወለውልም። ከዓመታት በፊት እሷ ራሷ እጇን በዚያ መደገፊያ ላይ አሳርፋ መስክራለች። ተከሳሹ ከአንድ ሳህን እየበላ አብሯት ያደገ፣ «እታለም» እያለ የሚጠራት ታናሿ ነበር። በአጥር ጉዳይ ከጎረቤት ተጣልቶ በጣውላ ቢመታው የሰውየው ዓይን ጠፋ። እሷ በመስኮት አይታለች። ያየችውንም ሳትጨምር ሳትቀንስ ለዳኛው ተናገረች። ተከሳሹም ቀና ብሎ እያያት ሰማት። እውነት ነበርና አልተቀየማትም።

በመጨረሻ ዳኛው፣ «ተከሳሹ ምንሽ ነው?» አሏት።

ከኋላዋ ጎረቤቶቿ ተደርድረው ተቀምጠዋል። የተጎጂው እናት ትንፋሽ ማጅራቷ ላይ የደረሰ መሰላት። የታናሿ ውርደት ለእሷም እንዳይተርፍ ፈራች።

«ምኔም አይደለም። እናቴ ከመንገድ ያነሳችው ነው» አለች።

ይህም ሐሰት አልነበረም። ነገር ግን ቢላ እንኳ ለሰው ሲሰጥ በእጀታው በኩል ነው። እናቷ ያንን ቃል ማንም በቤቷ እንዳያነሳው ዕድሜዋን ሙሉ ከልክላ ኖራ ነበር። ልጁ አንገቱን ደፋ፤ ፍርዱ ሲነበብም ቀና አላለም። እናቷም እሱ እስር ቤት እንዳለ አረፈች።

ከአፍ ከወጣ አፋፍ ነው። ጸሎት በጀመረች ቁጥር እዚያው ላይ ትቆማለች። «ፈጣሪዬ፣ ዋሽቼ ቢሆን ንስሐ እገባ ነበር። እውነት ተናግሬ ምን ብዬ ልናዘዝ?» ማለዳ ባዶው ችሎት ውስጥ ባልዲዋን ስታስቀምጥ፣ ከጣሪያው የሚመለሰው ድምፅ የባልዲው አይመስላትም። የዳኛውን ጥያቄ በእናቷ አንደበት ትሰማዋለች፦ ምንሽ ነው?

አንድ ቀን ጠዋት ጥበቃው ደረጃውን እያለከለከ ወጣ።

«እትዬ፣ አንድ ሰው በር ላይ ቆሟል። 'እዚህ ዘመድ አለህ?' ብዬ ብጠይቀው 'የለኝም፤ ጽዳት የምትሠራውን ሴት ነው የምፈልገው' አለኝ። ፊቱ ስላላማረኝ አላስገባሁትም። ለመሆኑ ምንሽ ነው?»

እርጥቡ ጨርቅ በእጇ እንዳለ ቀረ። በደረጃው ይወጡ የነበሩ ጠበቆች መልሷን ለመስማት ድምፃቸውን ዝቅ አደረጉ።

«ወንድሜ ነው» አለች።

ጥበቃው ከደረጃው ገለል ብሎ አሳለፋት።

ወረደች። ሰውየው ከአጥሩ ውጭ፣ ባርኔጣውን በሁለት እጁ ይዞ ቆሟል። ጠጉሩ ሸብቷል።

«ላስቸግርዎ አልመጣሁም» አላት፤ በሕይወቱ አንቱ ብሏት አያውቅም። «እናትዎ የተቀበሩበትን ቦታ ቢያሳዩኝ ብዬ ነው።»

«እናታችን» አለችው።

እሱ ዓይኑን ወደ ባርኔጣው መለሰ።

«ወንድሜ ነው ብያለሁ። አሁን፣ ፎቅ ላይ።»

«ለማን?»

«ለጥበቃው።»

«ለጥበቃው» ብሎ ደገመው፤ እንደ መሳቅም አለ።

መቃብሩ ከፍርድ ቤቱ ጀርባ ካለው ዳገት በላይ ነው። ፊት ፊት ሄደች፤ እሱም ወታደር እንደሚነዳው እስረኛ እጆቹን ከፊቱ አጣምሮ ተከተላት። ጎን ለጎን ይሄዱ ዘንድ እርምጃዋን ቀነሰች። እሱም ቀነሰ። ቆመች። ቆመ።

«ና፣ አብረን እንሂድ።»

«መንገዱን አላውቀውም። እርስዎ ይቅደሙ።»

ቀደመች። ለዓመታት በልቧ ስትናገረው የኖረችውን ሁሉ ልትነግረው አስባ ነበር፤ ዳገቱ ግን ትንፋሽ አልሰጣትም። እስከ ጫፍ ድረስ ኮቴውን ከኋላዋ እየሰማች ወጣች። ዘወር ብላ ልታየው አልደፈረችም፤ ኮቴው ድንገት ዝም ቢልባትስ ብላ ብቻ በየእርምጃዋ ጆሮዋን ታቆም ነበር።